ብዙ ኃይሎች እንደ አንድ ኃይል ስለሚቆጠሩበት መንገድና ስለ ኃይል ሥዕል አሣሣል

፩ መግቢያ

አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ የኅብረትን ብርታት አስተምረዋል። ቃሉም እውነት ነው። ነገር ግን ድሩ አንበሳውን የሚያስረው ክሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተባብረው ሲስቡ ነው እንጂ እያንዳንዱ ክር በየፊናው ሲሳብ አይደለም። ዐሥር ሰዎች አንድ ግንድ ለመጎተት ተነሥተው አምስቱ ወደ ምሥራቅ አምስቱም ወደ ምዕራብ በእኩል ቢስቡ፥ ላባቸው ይንጠፈጠፋል፤ ገመዱም ይወጠራል፤ ግንዱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በዚህ ጊዜ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ የአቅጣጫ ስምምነት ነው።

ይህ ነገር በልጆች የገመድ ጉተታ ላይ ሲታይ ያስቃል። ምሰሶ በሚተከልበት ወይም ከባድ ሸክም በገመድ በሚንጠለጠልበት ጊዜ ሲሆን ግን ሰው ይጎዳል። ስለዚህ መምህሩ ለተማሮቹ፥ ፊደል የቆጠረው ሽማግሌም ለመንደሩ ሰው ሊያስረዳው የሚገባ አንድ ዋና ነገር አለ፤ ይኸውም ኃይል በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በመጠኑና በአቅጣጫው አንድነት የሚቆጠር መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያለው ትምህርት ሁሉ የዚህ ቃል ማብራሪያ ነው።

፪ ኃይል ምን እንደ ሆነ

ኃይል ማለት አንዱ ነገር ሌላውን የሚገፋበት ወይም የሚስብበት ነው። ሰው በር ሲገፋ፥ በሬ ሞፈር ሲስብ፥ ገመድ ባልዲን ከጕድጓድ ሲያወጣ ኃይል አለ። ምድርም ማናቸውንም ነገር ወደ ታች ትስባለች፤ ይህ የምድር ስበት የነገሩ ክብደት ይባላል። መሬት ላይ የሚጎተተውን ግንድ መሬቱ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ይህም ሰበቃ ይባላል። ድንጋይ የተቀመጠበት መሬት ደግሞ ድንጋዩን ከታች ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ ይህም ዐይን ባያየው ኃይል ነው።

ኃይል የሚለካው ኒውተን በሚባል መለኪያ ነው። ስሙ የወጣው ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለአይዛክ ኒውተን መታሰቢያ ነው። በሚዛን 1 ኪሎ የሆነን ነገር ምድር በ9.8 ኒውተን ያህል ትስበዋለች። ለትምህርት እንዲቀል 10 ኒውተን ተብሎ ይቆጠራል። እንግዲህ 50 ኪሎ እህል የያዘ ጆንያ ክብደቱ 500 ኒውተን ያህል ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሮች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል። እህል የሚሰፍር ሰው 3 ቁናና 4 ቁና ቢደምር ምን ጊዜም 7 ቁና ያገኛል። የ3 ኒውተንና የ4 ኒውተን ኃይሎች ግን ሲገናኙ አንድ ጊዜ 7፥ አንድ ጊዜ 5፥ አንድ ጊዜም 1 ኒውተን ብቻ ይሆናሉ። እህል አቅጣጫ የለውምና በቁጥር ብቻ ይደመራል፤ ኃይል ግን አቅጣጫ ስላለው እንደ እህል አይሰፈርም።

፫ በአንድ መሥመር ላይ ስለሚውሉ ኃይሎች

ብዙ ኃይሎች በአንድ ነገር ላይ ሲያርፉ የሁሉንም ሥራ ብቻውን ሊሠራ የሚችል አንድ ኃይል ይታሰባል። ይህ አንድ ኃይል ውጤት ኃይል ይባላል።

ኃይሎቹ ወደ አንድ ወገን ሲስቡ ውጤቱን ማግኘት ቀላል ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ለምሳሌ እያንዳንዳቸው በ400 ኒውተን ወደ ፊት ቢስቡ፥ ሞፈሩ የሚሳበው በ800 ኒውተን ነው። ኃይሎቹ ፊትና ኋላ ሲሆኑ ግን ከትልቁ ትንሹ ይቀነሳል። በሬዎቹ በ800 ኒውተን ወደ ፊት ሲስቡ አፈሩ ማረሻውን በ800 ኒውተን ወደ ኋላ ቢይዘው፥ ውጤቱ ባዶ ነው።

ይህን የሰማ ተማሪ «ውጤቱ ባዶ ከሆነ ማረሻው ለምን ይሄዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውም የተገባ ነው። ውጤት ኃይል ባዶ ሆነ ማለት ነገሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ የነበረበት ሁኔታ አልተለወጠም ማለት ነው። ቆሞ የነበረ እንደ ቆመ ይቀራል፤ ይሄድ የነበረም በዚያው ፍጥነትና በዚያው መሥመር መሄዱን አይተውም። ማረሻው ሲነሣ በሬዎቹ ከአፈሩ አስበልጠው ሳቡ፤ ከተነሣ በኋላ በእኩል እርምጃ ሲሄድ ግን የሚስበውና የሚይዘው ተካከሉ። ማረሻው ከሥር ጋር ቢጋጭ የሚይዘው ይበልጣል፤ በዚህ ጊዜ ማረሻው ይቆማል።

፬ የኃይል ሥዕል እንዴት እንደሚሣል

ቃል ብቻውን ኃይልን ለመግለጽ አይበቃም፤ ስለዚህ ሊቃውንት ኃይልን በቀስት ይሥሉታል። የቀስቱ ርዝመት የኃይሉን መጠን፥ ጫፉም አቅጣጫውን ያመለክታል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይህን ሥርዓት እየተከተለ ይሣል።

አንደኛ፥ ነገሩን በአንድ ነጥብ ወይም በትንሽ አራት ማዕዘን ያመልክት። የጆንያውን ስፌት የበሬውንም ቀንድ መሣል አያስፈልግም።

ሁለተኛ፥ ልክ ይወስን። ለምሳሌ 1 ሳንቲ ሜትር ስለ 100 ኒውተን ይቁም። በዚህ ልክ 500 ኒውተን የሚከብደው ጆንያ ወደ ታች የሚመለከት የ5 ሳንቲ ሜትር ቀስት ይሣልለታል። የመሬቱ ድጋፍም ወደ ላይ የሚመለከት የ5 ሳንቲ ሜትር ቀስት ይሆናል።

ሦስተኛ፥ የቀስቶቹ መነሻ ሁሉ ከዚያው ከነገሩ ይሁን፤ በእያንዳንዱም አጠገብ የኃይሉ ስምና መጠን ይጻፍ።

አራተኛ፥ በነገሩ ላይ የሚያርፉት ኃይሎች ብቻ ይሣሉ። ነገሩ በሌላ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የሌላው ሥዕል ነው። ጆንያው መሬቱን ይጫናል፤ ይህ ግን የመሬቱ ሥዕል እንጂ የጆንያው አይደለም። ሁለቱን ማደባለቅ ከስሕተቶች ሁሉ የበዛው ነው። ከዚህ ለመዳን ተማሪው ስለ እያንዳንዱ ቀስት «ይህን ኃይል በዚህ ነገር ላይ ያሳረፈው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ ቀስቱ ከሥዕሉ ይፋቅ።

፭ በማዕዘን ስለሚስቡ ኃይሎች

ሁለት ልጆች አንድን ሣጥን በሁለት ገመድ ይስባሉ እንበል፤ አንዱ ወደ ሰሜን በ30 ኒውተን፥ ሌላው ወደ ምሥራቅ በ40 ኒውተን። ሣጥኑ ወደ ሰሜንም ወደ ምሥራቅም ሳይሆን በመካከል ይሄዳል፤ የበለጠው ግን ወደሚስበው ወደ ምሥራቁ ልጅ ያደላል። ውጤቱን ለማግኘት 10 ኒውተን በ1 ሳንቲ ሜትር ተቆጥሮ ከአንድ ነጥብ የ3ና የ4 ሳንቲ ሜትር ቀስቶች ይሣላሉ። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ቀስት ጫፍ ለሌላው ቀስት ትይዩ የሆነ መሥመር ይሰመራል። አራቱ መሥመሮች የሚዘጉት ቅርጽ ጎነ ትይዩ ይባላል። ከመነሻው ነጥብ ተነሥቶ ወደ ፊት ለፊቱ ማዕዘን የሚደርሰው መሥመር የውጤቱ ቀስት ነው። በማስመሪያ ቢለካ 5 ሳንቲ ሜትር ይገኛል፤ ስለዚህ ውጤቱ 50 ኒውተን ነው እንጂ 70 አይደለም። ግንበኛ የቤት ማዕዘን ቀጥ ማለቱን በ3፥ በ4ና በ5 የሚያረጋግጥበት ሕግና ይህ አንድ ናቸው።

በሁለቱ ኃይሎች መካከል ያለው ማዕዘን ሲጠብ ውጤቱ ይበረታል፤ ሲሰፋ ውጤቱ ይደክማል። ፈጽመው ሲቃረኑ ከሁለቱ የቀረው ልዩነት ብቻ ነው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በፍላንደር አገር የተወለደው ሲሞን ስቴቪን በተዳፋት ላይ ያለ ሸክም የሚመዛዘንበትን ሕግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1586 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ከመቶ አንድ ዓመት በኋላ በ1687 ዓ.ም. ኒውተን በታላቅ መጽሐፉ፥ በዚያው ዓመትም ፈረንሳዊው ፒየር ቫሪኞን በየበኩላቸው የጎነ ትይዩውን ሕግ ገልጸው ጻፉ።

፮ በክፍል ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ተማሪ በጆሮው የሰማውን በዐይኑ ቢያየው አይረሳውም። ለዚህም ፈተና ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

በግድግዳ ላይ ሁለት ምስማር፥ ራቅ ራቅ አድርጎ፥ በአንድ ከፍታ ይመታል። በያንዳንዱም ላይ ክር ያለቀበት የእንጨት ማጠንጠኛ ይሰካል፤ ማጠንጠኛውም በነጻ ይዙር። ሦስት ክሮች ጫፋቸው በአንድ ቋጠሮ ይታሰር። ሁለቱ ክሮች በሁለቱ ማጠንጠኛዎች ላይ ይለፉ፤ ሦስተኛው በመካከል ወደ ታች ይንጠልጠል። ከሦስት ትንንሽ የስስ ጨርቅ ከረጢቶች በአንዱ 3 ሲኒ፥ በሁለተኛው 4 ሲኒ፥ በሦስተኛው 5 ሲኒ ደረቅ አሸዋ ይጨመር። ባለ 3ና ባለ 4 ሲኒው በዳርና በዳር፥ ባለ 5 ሲኒው በመካከል ይታሰሩ።

ቋጠሮው ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ ይረጋል። በዚህ ጊዜ የመጽሐፍ ማዕዘን በሁለቱ የላይ ክሮች መካከል ቢደገፍ ልክ ገጥሞ ይገኛል፤ ማዕዘናቸው ቀጥተኛ ነውና። ከክሮቹ ኋላ ወረቀት ተይዞ መሥመራቸው ይመልከት፤ ስለ አንድ ሲኒ 3 ሳንቲ ሜትር ተቆጥሮ የ9ና የ12 ሳንቲ ሜትር ቀስቶች ይሣሉ፤ ጎነ ትይዩውም ይሞላ። የውጤቱ ቀስት 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቀጥ ብሎም ወደ ላይ ያመለክታል፤ ይኸውም ባለ 5 ሲኒውን ከረጢት የሚመልሰው ኃይል ነው።

በልኩ ላይ ጥቂት ልዩነት ቢገኝ መምህሩ አይደብቀው። ማጠንጠኛው በምስማሩ ላይ ሲዞር ሰበቃ አለ፤ የሲኒውም ስፍር ሁል ጊዜ ትክክል አይሆንም። የልዩነቱን ምክንያት መመርመር ራሱ ትምህርት ነው።

፯ ዝምታ ኃይል የለም ማለት እንዳልሆነ

ቆሞ የሚታይ ነገር ሁሉ ኃይል የማያርፍበት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ኃይሎቹ ተካክለው መኖራቸው ነው። በአክሱም ያለውን ሐውልት ማሰብ ይበቃል። ይህ 24 ሜትር ያህል ቁመት፥ 150 ቶን ያህልም ክብደት ያለው ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ፥ በሦስት ተከፍሎ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ዳግመኛም ተተክሎ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ምድር ሐውልቱን በ1500000 ኒውተን ያህል ወደ ታች ትስበዋለች፤ መሠረቱም በዚያው ልክ ወደ ላይ ይደግፈዋል። ሁለቱ ቀስቶች እኩል ናቸው፤ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ የሚውሉትም በአንድ መሥመር ላይ ነው።

ይህ ሦስተኛው ነገር እንዳይዘነጋ። ቀስቶቹ እኩልና ተቃራኒ ቢሆኑም በአንድ መሥመር ላይ ካልዋሉ ነገሩን ያዞሩታል። የክብደቱ መሥመር ከመሠረቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ዐምድም ቢሆን፥ የእህል ክምርም ቢሆን ይወድቃል።

፰ ስለ ተወጠረ ገመድ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሸክም ሲካፈሉት ይቀላል ማለት ነው። በገመድ ላይ ግን ይህ የሚሆነው ገመዶቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ሲይዙ ብቻ ነው።

20 ኪሎ የሚመዝን ሸክም ክብደቱ 200 ኒውተን ነው። ሁለት ገመዶች ቀጥ ብለው ከላይ ቢይዙት ለያንዳንዱ 100 ኒውተን ይደርሰዋል። አሁን ግን ሸክሙ 20 ክንድ በተራራቁ ሁለት ዛፎች መካከል በታሰረ ገመድ እኩሌታ ላይ ይንጠልጠል። ብዙ ሰው ገመዱን አጥብቆ መወጠር ብርታት የሚሰጠው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ገመዱ በመካከሉ 5 ክንድ ቢረግብ፥ በገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል 224 ኒውተን ያህል ነው።

1 ክንድ ብቻ ቢረግብ፥ 1005 ኒውተን ያህል ነው።

አንድ ስንዝር፥ ማለት ግማሽ ክንድ ብቻ ቢረግብ፥ 2000 ኒውተን ያህል ነው።

በመጨረሻው ልክ የ20 ኪሎ ሸክም ገመዱን የሚጨንቀው ባለ 50 ኪሎ አራት ጆንያ በአንድነት ቢንጠለጠልበት እንደሚሆነው ነው። ምክንያቱም ከሥዕሉ ይታያል። 200 ኒውተን እንዲደገፍ ገመዱ በቀኝና በግራ ወደ ላይ 100 ኒውተን፥ 100 ኒውተን መስጠት አለበት። ገመዱ 1 ክንድ የረገበ እንደ ሆነ ግን ከሸክሙ እስከ ዛፉ 10 ክንድ ወደ ጎን ሲሄድ የሚወጣው 1 ክንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 100 ኒውተን ወደ ላይ ለመስጠት 1000 ኒውተን ወደ ጎን ይስባል። የቀኙና የግራው የጎን ኃይል እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ለሸክሙ ምንም አይረዱም፤ ገመዱን ግን ይበጥሳሉ።

ከዚህም የተነሣ ሸክም ተሸክሞ ፈጽሞ ቀጥ የሚል ገመድ በዓለም የለም። ሸክም በገመድ የሚያንጠለጥል ሰው ገመዱን ረገብ ያድርገው፤ ይህ ስንፍና ሳይሆን ጥበብ ነው።

፱ ምሰሶ በሚተከልበት ጊዜ

በደቦ ምሰሶ ሲቆም ብዙ ጊዜ ሦስት ገመድ በጫፉ ላይ ታስሮ በሦስት ወገን ይያዛል። ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ወፍ ቢኖር ምሰሶውን እንደ ነጥብ፥ ገመዶቹንም እኩል እንደ ተራራቁ ሦስት ቀስቶች ያያቸው ነበር። ገመዶቹ ምሰሶውን ወደ ጕድጓዱም ይጫኑታል፤ ይህን ግን መሬቱ ይችለዋል፤ እዚህ የሚታሰበው ወደ ጎን ያለው ኃይል ነው።

ሦስቱ ወገኖች በ200፥ በ200፥ በ200 ኒውተን ወደ ጎን ቢስቡ ውጤቱ ባዶ ነው፤ ምሰሶው ይቆማል። ከሦስቱ አንዱ ገመድ ድንገት ቢያመልጥ ምን ይሆናል? የሁለቱ ጎነ ትይዩ ሲሣል ውጤቱ ራሱ 200 ኒውተን ሆኖ ይገኛል፤ አቅጣጫውም ካመለጠው ገመድ በተቃራኒ፥ በቀሩት ሁለቱ ገመዶች መካከል ነው። እንግዲህ ምሰሶው የሚወድቀው ገመዱ ባመለጠው ሰው ላይ ሳይሆን በወዲያ ማዶ ምንም ሳያጠፋ በቆመው ላይ ነው። የአንዱ እጅ መላላት ለሌላው አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በሥራው ጊዜ አራት ነገር ይጠበቅ። በገመዶቹ መካከል፥ የምሰሶው ቁመት በሚደርስበት ስፍራ፥ ማንም አይቁም፤ ሕፃናትም አይቅረቡ። ገመድ ያዦቹ ከምሰሶው ቁመት ይልቅ ርቀው ይቁሙ፤ ምሰሶው 6 ሜትር ቢሆን እነርሱ ከ6 ሜትር ይለፉ። ገመዱ በእጅ ብቻ አይያዝ፤ ቢያመልጥ በአንድ ጊዜ እንዳይለቅ በችካል ወይም በዛፍ ግንድ ላይ ይጠምጠም። ትእዛዝም የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሚስቡት ብዙ ሆነው የሚያዝዙትም ብዙ ቢሆኑ ኃይሎቹ በአቅጣጫም በጊዜም አይስማሙምና።

፲ ለመልመጃ የሚሆን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፤ የ6 ኒውተንና የ8 ኒውተን ኃይሎች በቀጥተኛ ማዕዘን ቢስቡ ውጤታቸው ስንት ነው?
መልስ፤ ጎነ ትይዩው ተሥሎ ሲለካ 10 ኒውተን ነው።

ጥያቄ፤ የ3 ኒውተንና የ4 ኒውተን ኃይሎች ተገናኝተው 8 ኒውተን ሊሆኑ ይችላሉን? ባዶስ?
መልስ፤ ሁለቱም አይሆንም። ከ7 አይበልጡም፤ ከ1ም አያንሱም።

ጥያቄ፤ የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላ በሥዕሉ ላይ የሚሣሉት ኃይሎች የትኞቹ ናቸው?
መልስ፤ ክብደቱ ወደ ታች፥ የነፋሱም መቋቋም ከሚሄድበት በተቃራኒ። የእጁ ኃይል አይሣልም፤ ድንጋዩ ከእጅ ሲለይ ያ ኃይል አብቅቷል።

ጥያቄ፤ ሁለት ልጆች በውሃ የተሞላ ባልዲ በአንድ ማንጠልጠያ ይዘው ሲሄዱ ተራርቀው ቢሄዱ ለምን ይከብዳቸዋል?
መልስ፤ ክንዶቻቸው ወደ ጎን ስለሚያዘነብሉ ኃይላቸው በከፊል እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ተቀራርበው ቢሄዱ ግን ኃይላቸው ሁሉ ወደ ላይ ይሆንና ለያንዳንዳቸው የባልዲው እኩሌታ ብቻ ይደርሳቸዋል።

ተማሪው ይህን የመጨረሻውን በቃል መልሶ ብቻ አይቅር። መምህሩ ሁለት ልጆችን ከባልዲ ጋር ወደ ውጭ አውጥቶ፥ አንድ ጊዜ ተራርቀው አንድ ጊዜም ተቀራርበው እንዲሄዱ ያድርግ። ልጆቹ በክንዳቸው የተረዱትን ወደ ክፍል ተመልሰው በቀስት ይሣሉት። ያን ጊዜ ሥዕሉ ለእነርሱ የሰሌዳ ጭረት መሆኑ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ደቦ ላይም ከአባቶቻቸው ጋር ቆመው ማን ወዴት እንዲስብ፥ ማንም የት እንዳይቆም ለመናገር ይችላሉ።